የዋሽንግተን ግዛት አንባቢዎች ስለ አረጋውያን እንክብካቤ የጠየቁን

ጥያቄ፦ እናቴ ሜዲኬር አላቸው። ቤት ውስጥ ለሚያግዛቸው ሰው ይከፍልልናል?

መልስ፦ ለዘለቄታው አይከፍልም። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ የሚልከው ሐኪም ሲያዝና ታማሚው ከቤት መውጣት ሲቸግረው ሲሆን፣ ለማጠብና ለማልበስ ብቻ ሰው አይቀጥርም። ይህን የሚሸፍነው ገቢያቸውና ጥሪታቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የተቋቋመው ሜዲኬይድ ነው፤ በግሪን ካርድ የመጡ አብዛኞቹ ወላጆች ግን 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሜዲኬይድ አላቸው። እኔ ልጃቸው እየተከፈለኝ ልንከባከባቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ማለፍና ሥልጠና መውሰድ ግን ግዴታ ነው። የሚከፈልዎትን ሰዓት የሚወስነው ገምጋሚ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያደርገው ግምገማ ነው፤ እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የገዛ እናቴ በተገመገሙበት ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ «ገላዎን ብቻዎን ይታጠባሉ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ምን አቅቶኝ!» አሉ። በዚያው ጠዋት ከመታጠቢያ ገንዳው ደግፌ ያወጣኋቸው፣ የሹራባቸውንም ቁልፍ አንድ በአንድ የቆለፍኩላቸው እኔ ነበርኩ። ገምጋሚዋ የሰማችውን ጻፈች፤ የተፈቀደውም ሰዓት ከሚያስፈልጋቸው እጅግ ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አባትዎ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ መቼና የት እንደወደቁ፣ መድኃኒታቸውን ማን እንደሚያቀርብላቸው ቀን በቀን ይመዝግቡ። ነጻ አስተርጓሚ ይጠይቁ እንጂ እርስዎ አያስተርጉሙ፤ አባት በልጁ አፍ ስለ መጸዳጃ ጉዳዩ መናገር ይከብደዋልና። ውሳኔው ካላጠገበዎት በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀነ ገደብ ውስጥ ይግባኝ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ከደመወዜ የሚቆረጠው 0.58 በመቶ ለወላጆቼ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከ100 ዶላር 58 ሳንቲም እየተቆረጠ ደብሊው ኤ ኬርስ ፈንድ ወደሚባለው የግዛቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን የሚገባው ገንዘብ የሚያገለግለው ከፋዩን ራሱን ነው። ለተጠቃሚዎች የሚከፈለው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ሲሆን፣ አንድ ሰው በዕድሜ ልኩ የሚያገኘው ጣሪያ ሲጀምር 36,500 ዶላር ነው። ለነርሲንግ ሆም (ነርሶች ሌት ተቀን ለሚከታተሉት የአረጋውያን ማቆያ) ዓመት እንኳ አያዘልቅም፤ ቤት ለሚውል ረዳት፣ ለመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረትና ለመሳሰለው ግን ትልቅ እፎይታ ነው ብዬ አምናለሁ። በኖቬምበር 2024 መዋጮው በፈቃደኝነት ይሁን የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ውድቅ ሆኗል።

ጥያቄ፦ አክስቴን ሐበሾች ወደከፈቱት አደልት ፋሚሊ ሆም ልናስገባ ነው። ምን እንይ?

መልስ፦ አደልት ፋሚሊ ሆም ጥቂት ሰዎች በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚያገኙበት ስለሆነ ከፈቃዱ ይጀምሩ። ነርሲንግ ሆሞች በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ ሲመሩ፣ የአደልት ፋሚሊ ሆምና የአሲስትድ ሊቪንግ (በራሳቸው ክፍል እየኖሩ እርዳታ የሚያገኙበት ተቋም) ፈቃድና ቁጥጥር ግን የግዛቱ ሥራ ነው። አንድ አደልት ፋሚሊ ሆም በመደበኛው እስከ 6 ሰው፣ ልዩ ፈቃድ ሲያገኝ እስከ 8 ይቀበላል። ተቆጣጣሪዎች ሳያሳውቁ ይመጣሉ፤ ሪፖርታቸው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ያንብቡት። የአክስትዎ ገንዘብ ሲያልቅ ቤቱ በሜዲኬይድ ያቆያቸው እንደሆነ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። እንጀራና ቋንቋው ልብ ያሳርፋል፤ ቢሆንም አንድ ቀን በእራት ሰዓት ይሂዱና ሌሊት የሚያድረው ተንከባካቢ ማን እንደሆነ ይጠይቁ።