አልሞትም ያለ ሴል፦ ስለ ካንሰርና የሞት ጂኖች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ካንሰር ሴል ያለልክ ሲባዛ ነው ይባላል። የሴል ሞት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

መልስ፦ በጣም ያገባዋል። ጤነኛ ሴል ዲኤንኤው ክፉኛ ሲጎዳ ራሱን ያጠፋል። ይህ ሂደት አፖፕቶሲስ ይባላል። የካንሰር ሴል ግን መሞት ሲገባው እምቢ ይላል። እኔ እንደማስበው የበሽታው ግማሽ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው እምቢ የሚለው?

መልስ፦ ቢሲኤል-2 የሚባለውን ጂን ልንገራችሁ፤ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ፎሊኩላር ሊምፎማ በሚባለው የሊምፍ ካንሰር ውስጥ የ14ኛውና የ18ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ቢሲኤል-2 የፀረ እንግዳ አካል ጂኖች ሌት ተቀን ወደሚሠሩበት ሰፈር ይገባል። በዚህ ምክንያት ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ይመረታል። ፕሮቲኑ የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ላይ ሆኖ ባክስና ባክ የተባሉትን ገዳይ ፕሮቲኖች አስሮ ይይዛል። እነሱ ካልተለቀቁ ማይቶኮንድሪያው አይበሳም፣ ሞቱን የሚቀሰቅሰው ሳይቶክሮም ሲ የተባለ ፕሮቲንም ከውስጡ አይወጣም። ሴሉን ከውስጥ የሚቆራርጡት ካስፔዝ የተባሉ ፕሮቲኖችም አይነሱም። ይህ ጂን ሴልን ከሞት እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲታወቅ፣ ካንሰር አምጪ ጂን ሁሉ ሴል አባዢ ነው የሚለው አስተሳሰብ ተናጋ።

ጥያቄ፦ ፒ53ስ? ስሙ በየቦታው ይነሳል።

መልስ፦ ቢነሳ ይገባዋል። ይህ ጂን ከሰው ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ተበላሽቶ ይገኛል። ሥራው የተጎዳውን ሴል ማስቆም፣ ጉዳቱ ከባሰም ሞት ማዘዝ ነው። ጂኑ ደህና ሆኖ ፕሮቲኑ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ፣ ኢ6 በተባለ ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ ኬሞ አንዳንዴ የማይሠራው ለዚህ ነው?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ነው። ብዙ የኬሞ መድኃኒቶች ዲኤንኤን ይጎዱና ሞቱን ለሴሉ ለራሱ ይተዉታል። ትእዛዝ ሰጪው ፒ53 ከሌለ ሴሉ ተጎድቶም ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ካስፔዞቹስ ይበላሻሉ?

መልስ፦ እምብዛም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መድኃኒት አለ?

መልስ፦ አለ። ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት ቢሲኤል-2 ላይ ተለጥፎ የታሰሩትን ገዳይ ፕሮቲኖች ያስለቅቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲኤልኤል ለሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ተፈቀደ። ሴሎቹ በአንዴ በብዛት ከሞቱ የሚለቁት ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ በሽታ በቀን 20 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ በየሳምንቱ እየጨመረ 400 ይደርሳል። አንዳንድ ካንሰሮች ግን ኤምሲኤል-1 በተባለ የቢሲኤል-2 ዘመድ ተጠግተው ከመድኃኒቱ ያመልጣሉ። ተመራማሪዎች አሁን እሱንም እያሳደዱት ነው፤ ችግሩ የልብ ሴሎችም ያለ እሱ መኖር ይከብዳቸዋል።