ትሪውን የያዘው ሰው

ባለፈው ሰሞን አንዲት የፊልም ተማሪ «ጋሼ፣ ኮሜዲ ሲቀረጽ ክሎዝ አፕ መቼ ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ፊትን ወይም እጅን ብቻ ከቅርብ የሚያሳየውን ምስል ማለቷ ነው። የሚረባ መልስ ሳልሰጣት ተለያየን፤ ጥያቄዋ ግን 30 ዓመት ወደ ኋላ መልሶ አንድ ደረጃ ሥር አቆመኝ።

ለቴሌቪዥን አጭር አስቂኝ ድራማ ሳዘጋጅ፣ በመድረክ ላይ ያረጁ አንድ ተዋናይ ስምንት የሻይ ብርጭቆ በትሪ ይዘው ደረጃ ሲወርዱ የሚንሸራተቱበትን ትዕይንት ለብቻቸው ሲለማመዱ ሰንብተው ነበር። ታች በመቀመጫቸው እስኪያርፉ ድረስ ትሪው ሳያጋድል ይወርዳል፣ አንድም ብርጭቆ አይወድቅም፤ ተነሥተው ልብሳቸውን ሲያራግፉ ግን ሁሉንም በክርናቸው ገፍተው ይደፉታል። በልምምዱ ላይ መብራት የያዙት ልጆች ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ከሥልጠና የተመለስኩ ሰሞን ስለነበርና የተማርኩትን ለማሳየት ስለቸኮልኩ፣ እግራቸውን ለብቻ፣ ትሪውን ለብቻ፣ ፊታቸውን ለብቻ ቀረጽኩ። ተቀናብሮ ሲታይ ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው «ትሪውን የያዘልኝ ሌላ ሰው ይመስላል» ብለው ወጡ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ፣ አሜሪካዊው የኮሜዲ ተዋናይና አዘጋጅ ባስተር ኪተን ከኤድዋርድ ክላይን ጋር በ1920 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «አንድ ሳምንት» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ስመለከት ነው። አዲስ ተጋቢዎች ተገጣጣሚ ቤት ያገኛሉ፤ ተቀናቃኝ የሳጥኖቹን ቁጥር ስለለወጠባቸው ቤቱ ተንጋዶ ይቆማል፤ በመጨረሻም ሲጎተት ሐዲድ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ባቡር እየበረረ ይመጣና አጠገቡ ባለው ሌላ ሐዲድ ያልፋል። እፎይ እንዳሉ ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ባቡር ቤቱን ይደረምሰዋል። ኪተን ካሜራውን አርቆ ስላቆመው ሁለቱ ሐዲዶች ተለይተው አይታዩም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ከባልና ሚስቱ እኩል ይታለላል። ቤቱም፣ ባቡሩም፣ ሰዎቹም በአንድ ምስል ውስጥ ስላሉ ደግሞ አደጋው በመቀስ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ስለ ስክሪፕትና ስለ መብራት ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እናንተ የዛሬ ኮሜዲ ሠሪዎች በየሁለት ሰከንዱ እየቆረጣችሁ፣ ያልመጣውን ሳቅ ከኮምፒውተር አውጥታችሁ ትጭናላችሁ። ይህን ስል ግን፣ የሚቀርጽ ሰው አጥተው ስልካቸውን ግድግዳ አስደግፈው መላ ሰውነታቸውን የሚቀርጹት ልጆች እኔ በሥልጠና ያላገኘሁትን በችግር እንዳገኙት አልክድም።

ለልጅቱ ዛሬ ብመልስላት፣ ሰውነት እየሠራ ሳለ ክሎዝ አፕ አይግባ እላታለሁ። ካሜራ ራሱን አያሳይ እያልኩም ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። በዚያው ፊልም ግን ሙሽሪት ገላዋን ስትታጠብ ሳሙናው አምልጧት ይወድቃል፤ ልታነሣው ስትል አንድ እጅ ከካሜራው በኩል ብቅ ብሎ ሌንሱን ይሸፍናል። ሽማግሌውን ይህን ባሳያቸው ኖሮ የሚስቁ ይመስለኛል።