በጨረታ ስላዩት ሰዓት፣ የብራና ቅጠልና የቆርቆሮ መኪና

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ ጨረታ ላይ ሦስት ዕቃ ዓይተዋል፤ ባለደወል የፈረንሳይ የመደርደሪያ ሰዓት በጥቁር ድንጋይ ቤት፣ ሥዕል ያለበት አንድ የብራና ቅጠል፣ ከነካርቶኑ የቀረበ የጀርመን የቆርቆሮ መኪና። ከመጫረትዎ በፊት ምን እንደሚመረምሩና እስከ ስንት እንደሚገቡ ጠይቀዋል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው "ዕድሜው እውነት ነው ወይ?" ከሚለው ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ክፍሎቹ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ናቸው ወይስ ኋላ የተጋቡ የሚለው ነው። የሰዓቱ ማሽንና ድንጋዩ ቤት፣ ሥዕሉና ብራናው፣ መኪናውና ካርቶኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የዘመኑ ሆነው አንድ ላይ ግን ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ። ካታሎጉ ደግሞ ሁለቱንም "የ19ኛው ክፍለ ዘመን" ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። ገንዘብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለዕይታው ቀን አምስት ነገር ይያዙ፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ማስመሪያ እና ስልክዎ። የአልትራቫዮሌቷ ባትሪ ለሦስቱም ዕቃ ታገለግላለች። ዕቃውን ከመክፈትዎ ወይም ከማንሳትዎ በፊት ግን ሠራተኛውን ያስፈቅዱ።

ሰዓቱን ከጀርባው ይጀምሩ። ክቡን የኋላ በር ሲከፍቱ ክብ የነሐስ ሰሌዳ ያገኛሉ። ሰሌዳው ላይ የሠሪው ማኅተም ይኖራል፤ የዣፒ ፍሬር ወይም የቪንሰንቲ ከሆነ ክብ የሜዳልያ ምልክት ነው። በማኅተሙ ውስጥ 1855 የሚል ቁጥር ካዩ ሜዳልያው የተሸለመበት ዓመት ነው፤ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ መሠራቱን እንጂ መቼ መሠራቱን አይነግርዎትም። ይህንኑ ቁጥር የተሠራበት ዓመት አድርጎ የሚጽፍ ካታሎግ ስላለ ይጠንቀቁ። ከማኅተሙ ሌላ ተከታታይ ቁጥር አለ። ከእሱ ራቅ ብለው ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ተመትተው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 5 እና 4። እነዚህ የፔንዱለሙን (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ዘንግ ከነክብደቱ) ርዝመት በድሮው የፈረንሳይ ኢንች የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ኢንች 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በ12 መስመር ይከፈላል፤ ስለዚህ 5 እና 4 ማለት ወደ 14.4 ሴንቲ ሜትር ነው። አሁን ፔንዱለሙን አውጥተው ይለኩ፤ የክብደቱንም ጀርባ ገልብጠው ይዩ። ብዙ ጊዜ የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር እዚያም ላይ ተመትቷል። ቁጥሮቹ ከገጠሙ ትልቅ እፎይታ ነው። ካልገጠሙ ፔንዱለሙ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። የፔንዱለም ርዝመት በ1 በመቶ ብቻ ቢለይ ሰዓቱ በቀን 7 ደቂቃ ያህል ይስታል፤ በዚህ ሰዓት 1 በመቶ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ነው። ከሰዓቱ ፊት 12 ቁጥር በላይ ያለችው ቀዳዳ በትንሿ ቁልፍ ማፍጠኛና ማዘግያ ናት፤ የምታስተካክለው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው እንጂ የባዕድ ፔንዱለም ልዩነት አይደለም።

ቀጥሎ ማሽኑና ቤቱ መጋባታቸውን ይዩ። ማሽኑ ከፊተኛው የነሐስ ክፈፍ ወደ ኋላ በሚዘረጉ ሁለት ጠፍጣፋ ዘንጎች ይታሰራል፤ የኋላውን ክፈፍ የሚይዙት ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። ዘንጎቹ ተቆርጠው ወይም በሳልዳቱራ ረዝመው ከሆነ፣ የድንጋዩ ቀዳዳ ጠርዝ አዲስ ተፍቆ ከነጣ፣ በክፈፉና በድንጋዩ መካከል ካርቶን ወይም ጨርቅ ተወትፎ ካገኙ፣ ማሽኑ እንግዳ ነው። የደወሉንም መቆሚያ ይመልከቱ፤ በቤቱ ውስጥ ሥራ ፈት የብሎን ቀዳዳ ካለ በፊት ሌላ ነገር እዚያ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ድካሙን ይመርምሩ። የማርሾቹ ዘንግ ጫፍ በነሐሱ ሰሌዳ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል። ዘይት ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ስለሚፍቅ ቀዳዳው ከክብ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይለወጣል። በማጉያው ሲያዩ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካለ የተፋቀው ብረትና ያረጀው ዘይት ነው። ሠራተኛው ቁልፉን አስገብቶ ግማሽ ዙር ቀስ ብሎ ሲሞላና መልሶ ሲያላላ እርስዎ የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ፤ በቦታው ከመዞር ይልቅ ወደ ጎን ዘለል ካለ ቀዳዳው ሰፍቷል። ጥገናው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበትን ትንሽ ቀለበት) ማስገባት ነው። አንድ ሁለት ቦኮላ የተለመደ ሥራ ነው፤ ስድስት ሰባት ከሆነ ግን ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ መሥራትን ይጠይቃል፣ ወጪው ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቀድሞ የተሠራበትንም መንገድ ይዩ። ከቀዳዳው ዙሪያ በመዶሻና በፖንቾ (ሹል መምቻ ብረት) የተመቱ ነጠብጣቦች ካሉ አንድ ሰው ቦኮላ ከማስገባት ይልቅ ነሐሱን ቀጥቅጦ አጥብቦታል፤ ይህ ሰሌዳውን ያበላሻል፣ አንጀትም ያሳርራል።

"ከመጠን በላይ ስለተሞላ ቆሟል" የሚል ማብራሪያ ቢሰሙ አይቀበሉት። ጤነኛ ሰዓት ሞላው እስከ መጨረሻው ቢጠነጠንም ይሠራል፤ የሚያቆመው የደረቀ ዘይት፣ ቆሻሻ ወይም የሰፋ ቀዳዳ ነው። ከዚህ የሚከፋው የተሰበረ ሞላ ነው፤ ሲበጠስ በኃይል ስለሚፈታ የማርሽ ጥርስ ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ በትልቁ ማርሽ ላይ የጎበጠ ወይም የተተካ ጥርስ ይፈልጉ። በሌላ በኩል መርፌው 4 ላይ ሆኖ ደወሉ 7 ቢመታ አይደንግጡ። ከማሽኑ ጀርባ ጠርዙ ባልተመጣጠነ ርቀት የተቆራረጠ ክብ ሰሌዳ ካለ፣ ምቱን የሚቆጥረው እሱ ነው፤ ከመርፌው ጋር ዝም ብሎ ይዛነፋል፣ ማንሻውን እየነኩ እስኪገጥም ማስመታት ብቻ ይበቃል። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረው የሚተዉት ሰዎች ስላሉ አንዳንዴ ለገዢ ዕድል ነው።

የሰዓቱ ነጭ ፊት ኢናሜል (በብረት ላይ የተጋገረ የመስታወት ልባጥ) ከሆነ በአልትራቫዮሌት ያብሩበት። የተጠገነ ስንጥቅ ከአካባቢው በተለየ ቀለም ይታያል። ጥቁሩ ቤት ደግሞ ከውስጥ በጀሶ የተያያዙ የድንጋይ ገበታዎች ስብስብ ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ሲገፉት የሚነቃነቅ ከሆነ ጀሶው ለቋል።

ወደ ብራናው እንምጣ። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ የጥጥ ጓንት አያስፈልግም፣ የጣት ስሜትን ያደነዝዝና ጠርዙን ይቀድዳል። መጀመሪያ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ይዘው የቆዳውን ሁለት ፊት ይለዩ። የጠጉሩ ወገን ጠቆር ወይም ቢጫ ያለ ሆኖ የጠጉር ቀዳዳ ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ የሥጋው ወገን ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ከዚያ ባትሪውን ከጎን አጋድመው ያብሩ። ጸሐፊው መስመር ያሰመረበት ጭረትና በጠርዙ ላይ በወስፌ የወጋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቅ ይላሉ። ጽሕፈቱ እነዚህን መስመሮች መከተል አለበት። ሥዕሉን በማጉያ ሲያዩ በረድፍ የተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ ኅትመት ስለሆነ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ብራናውም ጽሕፈቱም እውነተኛ ሆኖ ሥዕሉ ብቻ ኋላ ሲጨመር ነው። ሥዕል ያለበት ቅጠል ከሌለበት በብዙ እጥፍ ስለሚሸጥ ባዶ ቦታ ላይ የሚሥሉ፣ ጽሕፈት ፍቀውም የሚሥሉ ነበሩ። "ስፔናዊው አስመሳይ" በሚል ስም የሚታወቀው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ የሠራ ሰው በብዛት የመካከለኛው ዘመን የሚመስሉ ሥዕሎችን ሠርቷል፤ ካጋለጡት ነገሮች አንዱ ከ1814 በፊት ያልነበረ፣ መዳብና አርሴኒክ ያለበት አረንጓዴ ቀለም ነው። እርስዎ ቤተ ሙከራ ባይኖርዎትም ሁለት ቦታ ይዩ። አንደኛው ብል የበላው ቀዳዳ ነው። ሥዕሉ ከብሉ የቀደመ ከሆነ ቀዳዳው ቀለሙን ቆርጦ ያልፋል፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው። ሥዕሉ ከብሉ በኋላ የመጣ ከሆነ ቀለም በቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያ ተጠራቅሞ ወደ ውስጥ ፈስሶ፣ አንዳንዴም ከጀርባው በኩል ወጥቶ ይታያል። ሁለተኛው የሥዕሉ ዳርቻ ነው፤ በአልትራቫዮሌት ሲያበሩ ብራናው ይፈካል፣ የብረት ቀለም ጽሕፈት ደግሞ ጠቁሮ ይቀራል፤ የተፋቀ ፊደል ካለ ዱካው በሥዕሉ ጠርዝ ይወጣል።

እርጅናውም ቦታ አለው። ቅጠል የሚገለጠው በታችኛው የውጭ ማዕዘን ስለሆነ የእጅ እድፍ የሚከማቸው እዚያ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ቡናማ የሆነ ቅጠል ያረጀ እንዲመስል ማቅለሚያ ውስጥ ተነክሯል ማለት ነው።

ለብራና ከምርመራው እኩል የሚያስጨንቀኝ የመጣበት መንገድ ነው። "ከግል ስብስብ" የሚለው ሐረግ ምንም አይነግርም። ከ1970 በፊት ከምንጭ አገሩ የወጣ መሆኑን ወይም በሕጋዊ ፈቃድ መውጣቱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ፤ ያ ዓመት ዩኔስኮ ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን ለመከላከል ስምምነት ያጸደቀበት ስለሆነ ገበያው እንደ መለያ ይይዘዋል። ፎቶውንም በኢንተርፖል የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ አይዲ አርት በተባለው መተግበሪያው ማንም ሰው መፈለግ ይችላል። ሰነድ ከሌለ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ እባክዎ ይተዉት። አንድ ቅጠል ብቻ ተቆርጦ ሲሸጥ ከጀርባው የተበተነ ሙሉ መጽሐፍ አለ።

መኪናው ቀላል ነው። የቆርቆሮ መጫወቻ የሚገጣጠመው በስንጥቅ ውስጥ ገብተው በሚታጠፉ ትንንሽ የቆርቆሮ ምላሶች ነው። ምላሶቹን አንድ በአንድ በማጉያ ይዩ፤ መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ አዲስ ብረት ካበራ ተከፍቶ ተዘግቷል፣ ምናልባት ሞላው ወይም ሾፌሩ ተተክቷል። በ1910 ገደማ ተሠራ በተባለ መጫወቻ ላይ ባለመስቀል ራስ ብሎን ካለ ብሎኑ የመጣው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። "ዩ.ኤስ. ዞን ጀርመኒ" የሚል ጽሑፍ ካለበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠራ ነው። ዳግም የተቀባ መጫወቻ ዋጋው ክፉኛ ስለሚወድቅ በውስጥ ማዕዘኖችና በጎማው ስር ሁለተኛ የቀለም ንብርብር ይፈልጉ።

ካርቶኑ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ጥሩ ካርቶን ዋጋውን እጥፍ ሊያደርግ ስለሚችል የሚጋባውም በማስመሰል የሚሠራውም እሱ ነው። በአልትራቫዮሌት ሲያበሩበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከበራ ወረቀቱ ማንጫ ኬሚካል አለው፤ ያ ደግሞ ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያ የካርቶኑን ወለል ይዩ። መኪና ለዓመታት ሲቀመጥ ጎማዎቹ ባረፉበት አራት ቦታ ግራጫ የፍቅታ ምልክት ይተዋል። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩና ከመኪናው ጎማዎች ርቀት ጋር ያነጻጽሩ። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ መኪና ቤት ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መዶሻ የተመታበት ዋጋ፣ ማለትም ጨረታው ሲዘጋ የተጠራው የመጨረሻ ዋጋ፣ እርስዎ የሚከፍሉት ዋጋ አይደለም። የጨረታ ቤቱን ደንብ አንብበው ሦስት ቁጥር ያውጡ፦ የገዢ ኮሚሽን፣ በኮሚሽኑ ላይ የሚታሰብ ግብር፣ በኢንተርኔት ከተጫረቱ የመድረኩ ክፍያ። ለምሳሌ ኮሚሽኑ 25፣ መድረኩ 5፣ ግብሩ 20 በመቶ ቢሆን፣ የ25ና የ5 ድምር 30 በመቶ ነው፤ የእሱ 20 በመቶ ግብር 6 በመቶ ስለሚሆን መዶሻ የተመታበት ዋጋ በ1.36 ይባዛል። ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ያስሉ። ጠቅላላ አቅምዎ 1000 ከሆነ መጀመሪያ ማጓጓዣና ጥገናን ይቀንሱ፤ 150 ነው እንበል። የቀረውን 850 ለ1.36 ሲያካፍሉ 625 ይመጣል። ወረቀት ላይ የሚጽፉት 625 ነው፤ 650 ሲጠራ እጅዎ መነሳት የለበትም። ሦስቱን ዕቃዎች በአንድ ቦርሳ አያስሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ወረቀት ይኑረው፣ አለዚያ ከመጀመሪያው የተረፈው በመጨረሻው ላይ ይነዳል።

መሄድ ካልቻሉ ከጨረታው ጥቂት ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። "ሁኔታው እንዴት ነው?" ካሉ "ለዕድሜው ጥሩ" የሚል መልስ ነው የሚያገኙት። ይልቅ የሰዓቱን የኋላ ሰሌዳ ፎቶ፣ የፔንዱለሙን ጀርባ፣ የቅጠሉን ሁለት ፊት፣ የካርቶኑን ወለል ይጠይቁ።

ሰዓቱን ካሸነፉ ደግሞ ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ በፊት ፔንዱለሙን ከመንጠቆው ያውጡት። ተሰቅሎ ከተጓዘ የያዘችው ስስ የብረት ቅጠል ትጎብጣለች ወይም ትበጠሳለች። ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጭ ዘይት ማሽኑ ላይ በፍጹም አይንፉ፤ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ቤት ወስደው ሲያቆሙት ድምፁን ያዳምጡ፤ ቲክና ታክ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ ከመጣ የታጠፈ ወረቀት ከአንዱ ጎን ስር ያስገቡና እንደገና ያዳምጡ፤ ድምፁ ከተስተካከለ ሰዓቱ ያዘነበለ ብቻ ነው፣ ካልተስተካከለ በዚያው ጎን ወረቀት ከመጨመር ወደ ሌላው ጎን አዙረው ይሞክሩ።