መልስ፦ ለ6000 ፓውንድ ጀልባ የተሳቢዬ ፍሬን ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ጀልባህ ከነተሳቢው 6000 ፓውንድ ከሆነና ፍሬን ያለው አንዱ አክስል ላይ ብቻ ከሆነ፣ አይበቃም። የፍሬኑን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ እየገፋ የሚያቆመውን) ብቻ ልቀይር ያልከውም ብዙ አይረዳህም። ታምቡር፣ ማለትም ክቡ የተዘጋው የፍሬን ዓይነት፣ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይቀራል። የእኔን ስከፍተው ስፕሪንጎቹ እጄ ላይ ተፈረካከሱ!

በሁለቱም አክስል የዲስክ ፍሬን (ክፍት የሆነ ጠፍጣፋ ሳህን ከሁለት በኩል ተይዞ የሚቆምበትን) አስገባ፤ የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ዲስክ ከታምቡር የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፣ 1600 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ። ስለዚህ መጎተቻው (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ ያለው ማስተር ሲሊንደር፣ ማለትም የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ፣ ለዲስክ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ወደ ኋላ ስትነዳ መጎተቻው ተገፍቶ ፍሬኑ እንዳይዝብህ ደግሞ ከሪቨርስ መብራቱ ሽቦ የሚሠራ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ዘይቱን የሚዘጋ ቫልቭ) አስገጥም፤ ለሱ ባለ 5 ሽቦ ሶኬት ያስፈልግሃል። የፍሬን ቱቦዎቹንም አብረህ ቀይር፣ የዛጉትን መልሰህ እንዳትገጥም።