«ዲፕሎማ» የምትለዋ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ ህንድ አገር ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል፣ አንዱ ኤምቢኤ፣ የንግድ አስተዳደር ማስተርስ ነው፣ ሌላው ግን የማኔጅመንት ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ ይላል፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ። ዲፕሎማ ስትል ሆዴ ቁርጥ አለ።

1996 ላይ ነው። እዚሁ ባህር ዳር አንድ መስሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል እሰራለሁ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ። ማስተርስ ልጀምር ሳስብ አንድ ጓደኛዬ በርቀት የሚሰጥ ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ አለ፣ ባንድ አመት ያልቃል ሲለኝ ዘልዬ ገባሁ። ልጆቹ ሲተኙ እያነበብኩ፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ፣ ጨረስኩት። ከዛ የፋይናንስ ሃላፊ ቦታ ወጣና ተወዳደርኩ። የሰው ሃይል ሰራተኛዋ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ስር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዲፕሎማ» ብላ ጻፈች፣ እኔ ፊቷ ቆሜ። «እህቴ ይሄ እኮ ከዲግሪ በኋላ የሚማሩት ነው» ብላት «ዲግሪዎትን ይዤዋለሁ፣ ይሄ ግን ዲፕሎማ ነው የሚለው» አለችኝ። ምን ታድርግ፣ እኛ አገር ዲፕሎማ ማለት ከዲግሪ በታች ነው። ቦታውን ማስተርስ ያለው ወሰደው።

በቀጥታ ወደ ጣና ወረድኩ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ታንኳ እየተራገፈ ነበር፣ እናቴ ልጅ ሆኜ ከነሱ እንጨት ስትገዛ አብሬያት እሄድ ነበር፣ እስኪመሽ እዛው ቁጭ አልኩ። የሚቆጨኝ ግን ቦታው አይደለም። በአመቱ መስሪያ ቤቱ ማስተርስ እከፍልላችኋለሁ ሲል እኔ በእልህ አልመዘገብም አልኩ። ባለቤቴ «ተው፣ ሂድና ተመዝገብ» ብትለኝ ጮህኩባት። እስከዛሬ ስለሱ አንስታብኝ አታውቅም፣ ይሄ ነው የሚያመኝ።

የህንዱ ነገር ደግሞ ከኔው ይለያል። እነሱ ጋ በ1956 በወጣ ህግ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዲግሪ መስጠት የሚችለው ዩኒቨርሲቲና ህግ የፈቀደለት ተቋም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስመ ጥሮቹ የማኔጅመንት ኢንስቲትዩቶች ራሳቸው ዲግሪ እንዲሰጡ የፈቀደላቸው የ2017ቱ ህግ (ይሄም በፈረንጅ ነው) እስኪመጣ ድረስ ለብዙ አመት ዲፕሎማ ነበር የሚሰጡት። ትምህርቱ ያነሰ ሆኖ አይደለም። ግን ሁለት አመት የሚፈጀውና ባንድ አመት የሚያልቀው እኩል አይታይም፣ ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ወይ ፒኤችዲ ልቀጥል ካልሽ ደግሞ በብዛት ማስተርስ ነው የሚጠየቀው። ስትመለሺ አቻ ግምት የሚሰራልሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ ሄደሽ መጠየቅ ያለብሽ ብር ከመክፈልሽ በፊት ነው።

የዛሬ ልጆች ችኩል ናችሁ፣ የግሩፕ አሳይመንት አንዱ ይሰራል አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ፣ ቴሲስ በብር የሚያስጽፍም አለ። እንዲህ የተገኘ ማስተርስ ምን ያደርጋል? እኔ እስከ ጡረታ እንጀራ የበላሁት እዛ ዲፕሎማ ላይ በተማርኩት የወጪ ሂሳብ ነው፣ ባጀት ሲጎድል ሃላፊው ራሱ እኔን ነበር የሚጠራው። እንግዲህ ዲፕሎማው ይሻላል እያልኩ ነው? አይ፣ ማስተርሱን ያዢ ነው የምላት። የሁለት አመቱ ዲፕሎማ ጥሩ ቦታ ከሆነና ግል ድርጅት መስራት ከፈለገች ግን እሱንም አልከለክላትም።

ለቅዳሜ ሁለቱንም ደብዳቤ ይዘሽ ነይ ብያታለሁ፣ ስንት አመት እንደሆነና ማን እንደሚፈርምበት አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።