በማስታወቂያው ቃል ፈልጊ

እኅቴ፣ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሽ ስምንት ወር እንደሆነሽ፣ በየቀኑ ጎግል ላይ «ልምድ የማይጠይቅ ጥሩ ሥራ አዲስ አበባ» ብለሽ ብትፈልጊም የሚመጣልሽ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ብቻ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ድካምሽ ይገባኛል፤ የስንፍና ጉዳይ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

የምትጽፊው የራስሽን ምኞት ነው፤ ቀጣሪ ግን እንዲህ ብሎ አይጽፍም። «ልምድ የማይጠይቅ» የምትዪውን እርሱ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይለዋል። «ጥሩ ሥራ» የሚል ማስታወቂያማ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ አራት አምስት ማስታወቂያ አንብቢና ቃላቱን ገልብጪ፦ «ክፍት የሥራ ቦታ»፣ «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ»፣ «ተፈላጊ ችሎታ»። ከዚያ እያንዳንዱን ሐረግ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተሽ ፈልጊ፤ ቃላቱ ሳይበታተኑ እንደ ተጻፉ ይፈለጋሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፊደላችንን ነገር ነው። አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ»፤ አንዱ «ሒሳብ»፣ ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በትእምርተ ጥቅስ ስትፈልጊ በአንዱ ያጣሽውን በሌላው ልታገኚው ስለምትችዪ ሁለቱንም ሞክሪ። የእንግሊዝኛውን የሥራ መደብ ስምም አትተዪ፤ ብዙ ባንኮችና የግል ድርጅቶች የሚያወጡት በእንግሊዝኛ ነው።

የአንድን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ብቻ ለመፈተሽ ከምትፈልጊው ሐረግ ቀጥሎ «ሳይት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጻፊ፤ ሁለት ነጥብ አስከትለሽ፣ ክፍተት ሳትተዪ አድራሻውን ጨምሪ። ሁለት ነጥቡም ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይሁን፤ የአማርኛው «፡» አይሠራም። በአድራሻው ፋንታ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል (gov.et) ብታስገቢ ፍለጋሽ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ብቻ ይሆናል።

ውጤቱ ሲመጣ «ቱልስ» (Tools) የሚለውን ነክተሽ ያለፈውን ሳምንት ምረጪ። ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንሽም፤ አሮጌ ማስታወቂያ በአዲስ ገጽ ተገልብጦ ይወጣል። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል ካየሽ፣ የወጣበት ቀን ካልተጻፈ ወደ ድርጅቱ የራሱ ገጽ ሂጂና ቀኑን አረጋግጪ። ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅሽን ደግሞ ፈጽሞ እንዳታምኚው።

በዚህ መንገድ ጊዜያቸው ያላለፈ ሦስት ማስታወቂያዎች ስታገኚ ላኪልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን።