በማንቆርቆሪያ ውኃ የተጠመቀው ሰው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ሮማንያዊው ጸሐፊ ስለ ኒኮላይ ስታይንሃርት አነበብሁ። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ እስር ቤት ውስጥ በማንቆርቆሪያ ውኃ ተጠመቀ ይላል። መጠመቂያ የለ፣ ሜሮን የሚባለው ቅዱስ ቅባት የለ። እንዲህ ያለው ጥምቀት ጥምቀት ይባላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ይባላል። ግን አስቀድመን ከማንቆርቆሪያው በፊት የሆነውን እንይ።

ስታይንሃርት በ1912 እ.ኤ.አ. ቡካሬስት አጠገብ የተወለደ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነው። በ1959 ማብቂያ የኮሚኒስቱ መንግሥት የጸጥታ ፖሊስ ጠርቶ በወዳጁ በፈላስፋው በኮንስታንቲን ኖይካ ላይ እንዲመሰክር ጠየቀው፤ እንዲያስብበትም ጥቂት ቀን ሰጠው። ቤቱ ሄዶ ሽማግሌ አባቱን አማከረ። አባትየው ብቻውን ሊቀር ነው፤ ቢሆንም «መስክርና ዳን» አላለውም። ብትታሰር ቀኑ ይከብድሃል፣ ሌሊቱን ግን በሰላም ትተኛለህ፤ ብትመሰክር ቀኑ ይቀልልሃል፣ ሌሊቱ ግን አያስተኛህም፤ የምክሩ ፍሬ ይህ ነበር። እኚህን አባት ባሰብኋቸው ቁጥር ልቤ ይነካል። ልጅየውም አልመሰክርም አለ፤ በጥር 1960 ታሰረ።

በተዋሕዶ ሥርዓታችን ተጠማቂው አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይናገራል። እኔ እንደማየው ይህ ሰው ወደ ምዕራብ የዞረው መርማሪዎቹ ፊት ነው። ውኃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1960 በዢላቫ እስር ቤት አባ ሚና ዶብዜኡ የተባሉ ኦርቶዶክሳዊ መነኵሴ አጠመቁት። ዢላቫ የድሮ ምሽግ ነው፤ ስሙ ራሱ በቋንቋቸው እርጥበትን ያስታውሳል። ቀለሙ በተላጠ ማንቆርቆሪያ የሸተተ ውኃ ተገኘ። እስረኞች በበሩ ላይ ያለችውን ማያ ቀዳዳ ጋርደው ቆሙ። መነኵሴው ተቻኩለዋል፤ ቃሉን ግን ጥርት አድርገው እያሉ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ውኃውን አፈሰሱበት።

ትምህርተ ሐዋርያት የሚባለው የጥንት ጽሑፍ የሚፈስ ውኃ ከታጣ በሌላ ውኃ፣ እሱም ከጠፋ ሦስት ጊዜ በራስ ላይ ይፍሰስ ይላል። የፊልጵስዩሱን ወኅኒ ጠባቂም አስቢው፤ በዚያችው ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር ተጠምቋል (ሐዋ. 16፥33)። የሮማንያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ አብያተ ክርስቲያናትን የለየውን የኬልቄዶንን ጉባኤ (451 እ.ኤ.አ.) ከሚቀበሉት ወገን ናት፣ ከእኛ ጋር በቁርባን አንድ አይደለችም፤ ስለዚህ ሥርዓቷን ሁሉ ወክዬ አልናገርም። በጭንቅ ጊዜ ውኃ ማነሱ ግን ጸጋውን አያሳንሰውም።

ሜሮኑን ስለጠየቅሽኝ፣ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ እዚያ ላይ ነው። በ1964 ሲፈታ «ማንቆርቆሪያው ይበቃኛል» አላለም፤ ቡካሬስት ወደሚገኝ ገዳም ሄዶ ሜሮን ተቀባ፣ የጎደለውን አሟላ። እኛ ዘንድ ጥምቀት፣ ሜሮንና ቁርባን በአንድ ቀን ይፈጸማሉ። ካህንና ቤተ ክርስቲያን በደጃችን እያለ ግን የእርሱን ችግር ምክንያት አድርገን ሥርዓት ማጉደል አይገባንም። እርሱ ያሳጠረው ተገዶ ነው፤ በሩ ሲከፈትለት ወዲያው ሄደ።

በ1980 ሮሂያ ገዳም ገብቶ መነኰሰ፤ የገዳሙን ቤተ መጻሕፍት ያገለግል ነበር። ያን እስር ቤትና ያን ጥምቀት የተረከበትን መጽሐፍ «የደስታ ማስታወሻ» ብሎ ሰየመው። ረቂቁን በ1972 ፖሊሶች ወሰዱበት፤ ተቀምጦ እንደገና ጻፈው። በመጋቢት 1989 ዐረፈ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1991 ነው።